አንድ ይበቃል

እስቲ ቀረብ በሉና አድምጡኝ። ዘመኑ 1940 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ እስከ መጨረሻው በእነሱ ቁጥር እሄዳለሁ። አገሩ አሜሪካ፣ ከተማው ኒው ዮርክ፣ ሰፈሩ ታይምስ ስኩዌር። እዚያ ሰፈር ገዢ ያጡ መጻሕፍትን በርካሽ የሚያራግፍ አንድ ሱቅ ነበር። ዶናልድ ኪን የሚባል የ18 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚያ ባለፈ ቁጥር ጎራ ይላል። በመከር ወቅት አንድ ቀን ገባና ጠረጴዛ ላይ የተቆለለ መጽሐፍ አየ። በሁለት ቅጽ የተጠረዘ ነው፤ ርእሱ «የጌንጂ ታሪክ»። ጌንጂ ማን እንደሆነ ልጁ አያውቅም። ጃፓን ሥነ ጽሑፍ የሚባል ነገር እንዳላት እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ዋጋው ግን 49 ሳንቲም ነው። ለሁለት ቅጽ 49 ሳንቲም! ውፍረቱን ከዋጋው ጋር አስተያየና ገዛው። ያቺ ሳንቲም ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ አልለቀቀችውም።

መጽሐፉን የጻፈችው ከሺህ ዓመት በፊት በጃፓን ቤተ መንግሥት ትኖር የነበረች ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለች ወይዘሮ ናት። 54 ምዕራፍ አለው። ጌንጂ የንጉሥ ልጅ ነው፤ አልጋው ግን አይደርሰውም። መልከ መልካም፣ ግጥም አዋቂ፣ ልቡ በፍቅር የማያርፍ ሰው ነው። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው አርተር ዌይሊ በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረ ሊቅ ሲሆን፣ ጃፓንኛውን ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው። ይባስ ብሎ ጃፓንን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። እስኪሞት ድረስ አልረገጣትም።

ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሂትለር ጦር ፓሪስ ገብቷል፤ ለንደን በቦምብ እየተደበደበች ነው። ኪን ጦርነት የሚያንገሸግሸው ልጅ ነበር፤ ጋዜጣ መክፈት ይፈራ ነበር። በጌንጂ ዓለም ደግሞ ጦርነት የለም። ሰዎቹ ያዝናሉ፣ ያረጃሉ፣ ይለያያሉ፣ ይሞታሉ፤ ሐዘናቸው ግን ከጦር ሜዳ የመጣ አይደለም። ልጁ እዚያ ውስጥ ተደበቀ። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ የዚያች መጽሐፍ አገር ራሷ በዚያው ሰዓት ቻይናን ወርራ ደም እያፈሰሰች መሆኗ ነው። ኪን ይህን በሚገባ ያውቃል፤ የቅርብ ጓደኛው ቻይናዊ ነበርና።

ጓደኝነቱ የተጀመረው በፊደል ተራ ነው። ኪን ብሩክሊን የተወለደ፣ ወላጆቹ የተለያዩበት፣ በነፃ የትምህርት ዕድል በ16 ዓመቱ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ነው። በሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪዎች በስማቸው ተራ ሲቀመጡ ቻይናዊው ከጎኑ ዋለ። ምሳቸውን ቻይና ምግብ ቤት አብረው ይበላሉ፤ ጓደኛው በምሳ መካከል የቻይናን የጽሕፈት ምልክት አንድ ሁለት እያለ ያስጽፈዋል። አንዲቱ ምልክት ዛፍ፣ ሁለት ሆና ስትደገም ጫካ። ልጁ ተለከፈ። የጽሕፈቱ ነገር ለኑሮ ይጠቅመኛል ብሎ አይደለም፤ በዚያ ዘመን አንድ የአሜሪካ ልጅ የእስያ ቋንቋ ተምሮ ምን እንጀራ ይበላበታል? ማንም ሊነግረው አይችልም ነበር።

በ1941 አንድ ሰው መጣለት። በጃፓን አገዛዝ ሥር በነበረችው ታይዋን ኖሮ የተመለሰ አሜሪካዊ ነው። በሰሜን ካሮላይና ተራራ ላይ ቤት አለኝ፣ ጃፓንኛ ልማር አስቤያለሁ፣ ብቻዬን ከሆንኩ እሰንፋለሁና አብረኸኝ ተማር አለው። ኪን ሄደ። አስተማሪው ጃፓናዊ የዘር ሐረግ ያለው ወጣት ነበር፤ የመማሪያ መጽሐፋቸው ደግሞ የጃፓን አንደኛ ክፍል ሕፃናት የሚያነቡት። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተራራ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ አበባና ስለ ውሻ ያነባል!

ጃፓንኛ ከጽሕፈቱ አኳያ ሦስት ዓይነት ነው። ሁለቱ እንደኛ ፊደል አንድ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ የሚወክልባቸው ናቸው፤ መሠረታዊዎቹ ምልክቶች በእያንዳንዱ 46 ናቸው። እኛ «መ» ብለን በአንድ ፊደል የምንጽፈውን እነሱም እንዲሁ በአንድ ምልክት ይጽፉታል። ስለዚህ ለሐበሻ ተማሪ ይህኛው ክፍል ከፈረንጅ ይልቅ ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛው ግን ካንጂ ነው፤ ከቻይና የተወሰደው፣ በሺህ የሚቆጠረው፣ አንዱ ምልክት እንደ ቦታው ሁለትም ሦስትም ሆኖ የሚነበበው። እዚያ ጋ ሐበሻም ፈረንጅም እኩል ያለቅሳል።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። ሩዩሳኩ ትሱኖዳ ይባላሉ። በ1877 የተወለዱ፣ ወደ አሜሪካ ተሻግረው የኮሎምቢያን የጃፓን መጻሕፍት ስብስብ ያቋቋሙ አዛውንት ናቸው። ግቢው ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ሴንሴይ» ነው የሚላቸው፤ እኛ የኔታ እንደምንለው። በ1941 መከር ኪን የጃፓን አስተሳሰብ ታሪክ የሚለውን ትምህርታቸውን ሊማር ተመዘገበ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገባ ከእሱ በቀር ተማሪ የለም። በዓለም ፖለቲካ ላይ ጃፓንና አሜሪካ ሊጣሉ ጫፍ ደርሰዋል፤ ማን ይመዘገባል? ልጁ አፈረ። ለአንድ ሰው ይህን ያህል መድከም አይገባዎትም፣ ልተውልዎት አላቸው። አንድ ይበቃል አሉት።

መቼም ለአንድ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ወንበሩን ስቦ ወሬ ቢጀምር ማን ይፈርድበታል? ትሱኖዳ ሰሌዳውን ከትምህርቱ በፊት መጥተው ከዳር እስከ ዳር በጽሑፍ ይሞሉታል፤ ኪን በወቅቱ ግማሹን እንኳ ማንበብ አይችልም። ምናልባት ቢጠይቀኝ ብለው መጻሕፍት ተሸክመው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። ከዚያ ቆመው ያስተምራሉ። ቆይቶ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ ነገሩ ግን ያኔ በአንዱ አልቋል። ኪን ከዚያ በኋላ ባሳለፈው የማስተማር ዘመን ሁሉ መምህር ማለት ለእሱ ትሱኖዳ ሆኑ። እኔም ይህን ታሪክ ለመተረክ የተነሳሁት ስለዚያ ሰሌዳ ብዬ ነው ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 7 ቀን እሑድ ነበር። ኪን ከኒው ዮርክ ደሴቶች አንዱ በሆነው በስታተን አይላንድ በእግሩ ሲንሸራሸር ውሎ በጀልባ ሲመለስ፣ የጃፓን አውሮፕላኖች በሐዋይ ያለውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን መደብደባቸውን የሚያወጅ ጋዜጣ አየ። ያ ጋዜጣ ወሬ ማጋነን ልማዱ ነበርና አላመነም። በማግሥቱ ክፍል ቢሄድ ሴንሴይ የሉም። የጠላት አገር ዜጋ ተብለው ተይዘዋል። በኋላ ተለቀቁና በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጉድ ተገልጦለት ነበር፤ ሊዋጋው የሚችለውን ጠላት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የለውም። ስለዚህ በካሊፎርኒያ በርክሌይ የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኪንም በየካቲት 1942 ገባ። በቀን አራት ሰዓት ክፍል፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ ፈተና። አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ናቸው። በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ መነሻ፣ ከምዕራብ ጠረፍ 120,000 ገደማ ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ማጎሪያ ሰፈር ተወሰዱ። አስተማሪዎቹም በጠረፉ መቆየት ስላልተፈቀደላቸው፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ተሰደደ። አስቡት እንግዲህ። መንግሥት ዘመዶቻቸውን በሽቦ አጥሮ፣ እነሱን ቋንቋችሁን አስተምሩልን ይላል። እነሱም አስተማሩ፤ ያውም በፍቅር አስተማሩ። ተማሪዎቹ ሲመሰክሩላቸው ኖረዋል። እኔ በበኩሌ እንዴት እንደቻሉት አይገባኝም።

ኪን በአሥራ አንድ ወር ጨረሰ። በምረቃው ቀን ተመራቂዎቹን ወክሎ በጃፓንኛ ንግግር አደረገ። ከዚያ ወደ ሐዋይ ተላከ።

ሥራው ከጦር ሜዳ የተማረኩ ወረቀቶችን መተርጎም ነው። አብዛኛው አሰልቺ ነው፤ የስንቅ ዝርዝር፣ የጥይት ቁጥር፣ የወታደሮች የስም መዝገብ። አንድ ቀን ግን ከሌሎቹ የተለየ ሣጥን ላይ ዓይኑ ዐረፈ። ትናንሽ ጥቋቁር ደብተሮች ነበሩበት፤ ሽታቸው ያስጠላል፤ ሌላው ተርጓሚ ሁሉ ሸሽቷቸዋል። ሽታው የደም ነው። ደብተሮቹ ጓዳልካናል በምትባለው ደሴት ከሞቱ የጃፓን ወታደሮች ኪስ የወጡ የዕለት ማስታወሻዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአሜሪካ ወታደር የዕለት ማስታወሻ እንዳይጽፍ ተከልክሏል፤ ጠላት እጅ ቢገባ ምስጢር ይወጣል ተብሎ። የጃፓን ወታደር ግን ይጻፍ ተብሎ ደብተር ይታደለዋል፤ አለቆቹም መንፈሱ የጸና መሆኑን ለማየት ያነቡበታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ እሞታለሁ፣ ጠላትን እደመስሳለሁ። መርከቧ ስትመታ፣ ወባው ሲጥል፣ ስንቁ ሲያልቅ ግን ደብተሩን የሚመረምር አለቃም አይኖርም፤ ቢኖርም ማን ይፈራዋል? ያን ጊዜ እውነተኛው ሰው መጻፍ ይጀምራል። አንዱ ደብተር ውስጥ ሰባት ሰዎች አሥራ ሦስት ፍሬ ባቄላ ተካፍለው የአዲስ ዓመትን በዓል ማክበራቸው ተጽፎ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ መልእክት ትቷል። ይህን የምታገኝ አሜሪካዊ ሆይ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ለቤተ ሰቤ አድርስልኝ የሚል።

ኪን በኋላ እንደጻፈው፣ በሕይወቱ በቅርብ ያወቃቸው የመጀመሪያዎቹ ጃፓናውያን እነዚህ ናቸው፤ ሲያውቃቸው ግን ሁሉም ሞተዋል። የጌንጂን አገር ፈልጎ በባቄላዋ በኩል ገባባት። መልእክት ያለባቸውን ደብተሮች ለቤተ ሰብ አደርሳለሁ ብሎ መሳቢያው ውስጥ ደበቃቸው። ተገኙበትና ተወሰዱ። አንዱንም አላደረሰም። ይህ ቁጭት አብሮት አረጀ።

የሚገርመኝ ተማሪነቱን አለመተዉ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለችው፤ ሌላው ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ እሱ ሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ይማር ነበር።

ጦር ሜዳም አይቷል። በ1943 አቱ በምትባል በሰሜን ባሕር ላይ ባለች ቀዝቃዛ ደሴት የጃፓን ወታደሮች ከመማረክ ብለው የእጅ ቦምብ ደረታቸው ላይ አፈንድተው ወድቀው አየ። ከዚያ ኪስካ ወደምትባል ሌላ ደሴት ቢሄዱ አንድም ጃፓናዊ የለም፤ በጉም ተሸፍነው አምልጠዋል። አንድ ሰሌዳ ግን ተገኘ፤ የቸነፈር ሕሙማን ማቆያ ይላል። ቋንቋ አዋቂዎቹ ሲያነቡት ጦሩ ተሸበረ፤ መድኃኒት በአስቸኳይ ላኩልን ተባለ። ቸነፈር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጃፓኖቹ ሲወጡ ሊሳለቁባቸው የተዉት ነው። መሃይም ጦር ቢሆን ኖሮ ባልደነገጠ!

ሐዋይ ደግሞ ምርኮኞች ነበሩ። ኪን እንዲመረምራቸው ይላካል፤ የጦር ጥያቄው ቶሎ ያልቅና ስለ ልብ ወለድ ማውራት ይጀምራሉ። አንዱ ምርኮኛ ሙዚቃ ናፈቀኝ አለው። ኪን ሸክላ ማጫወቻና ሸክላዎች ይዞ ሄደ። ድምፁ እንዲያምር የመረጠው ቦታ የእስረኞቹ ገላ መታጠቢያ ነው። መጀመሪያ የጃፓን ዘፈኖች አሰማቸው፤ ቀጥሎ የቤትሆቨንን ሦስተኛ ሲምፎኒ። ሁሉም ቆመው ሰሙ፤ መርማሪው መሃላቸው ነው። ሞት ግን እሱንም ሊነካው ነበር፤ በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ ጦርነት ዋዜማ አንድ አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን ወደ እሱ መርከብ ሲወረወር አይቶ ደርቆ ቀርቷል፤ አውሮፕላኑ የሌላ መርከብ ምሰሶ ነክቶ ባሕር ገባ።

ጦርነቱ አለቀ። በታኅሣሥ 1945 ቶኪዮን ለጥቂት ቀን አየ፤ አመድ ሆናለች። ወደ ጃፓን ሄዶ መማር ይፈልጋል፤ አገሪቱ ግን በአሜሪካ ጦር እጅ ናት፤ ለተማሪ በሯ ዝግ ነው። ወዴት ይሂድ? ወደ ትሱኖዳ ተመለሰ። አሁን ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ከጦር ሠራዊት የተመለሱ ጎረምሶች ሞልተውታል።

ከዚያ ለአንድ ዓመት ሃርቫርድ ሄደ። ሃርቫርድ የሄደው ሰርጌይ ኤሊሴዬቭ የሚባሉትን ታላቅ ሊቅ ፍለጋ ነው። ክፍሉ እንደጠበቀው አልሆነለትም፤ እኔ ግን ሰውየውን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም፤ መንገድ ብስት ይቅር በሉኝ። ኤሊሴዬቭ በ1889 በፒተርስበርግ የተወለዱ የሀብታም ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ያ በኔቭስኪ ጎዳና ላይ ያለው ዝነኛ የምግብና የወይን ጠጅ መደብር የአባታቸው ነበር። ሩሲያ በጃፓን ተሸንፋ ቁስሏ ገና ሳይሽር፣ በ1908 ቶኪዮ ሄደው የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኑ። በ1912 ከጃፓን ልጆች ጋር እኩል ተምረው ሲመረቁ፣ በመደበኛ ተማሪነት ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ የመጀመሪያው ምዕራባዊ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ደግሞ በታላቁ ደራሲ በናትሱሜ ሶሴኪ ቤት ከሚሰበሰቡት አንዱ ነበሩ። ሶሴኪ ራሳቸው መንግሥት ልኳቸው ከ1900 እስከ 1902 ለንደን የተማሩ ናቸው፤ ክፍላቸውን ዘግተው ከመጻሕፍት ጋር ሲታገሉ አእምሮአቸው ታወከ የሚል ወሬ ቶኪዮ ድረስ ደርሶ ነበር። የባዕድ አገር ተማሪ መሆን ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ለሩሲያዊው ልጅ በራቸውን የከፈቱለት ይህን እያሰቡ ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። አብዮቱ ሲመጣ ኤሊሴዬቭ ታሰሩ፤ በ1920 ከነቤተ ሰባቸው በጀልባ ወደ ፊንላንድ አመለጡ፤ በፓሪስ አድርገው ሃርቫርድ ደረሱ። አሜሪካ ውስጥ የጃፓንን ጥናት ያቋቋመው አንድ የስደተኛ ሩሲያዊ ነጋዴ ልጅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ወደ ኪን። ከሃርቫርድ ወደ እንግሊዝ ካምብሪጅ ሄዶ አምስት ዓመት ቆየ፤ እያስተማረም እየተማረም። በ1952 ስለ ጃፓን ሥነ ጽሑፍ ተከታታይ ንግግር ቢያደርግ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ጥቂት ሰው ብቻ መጣ፤ አብዛኞቹም ጓደኞቹ ናቸው። ተስፋ ቆርጦ ሙያዬን ልቀይር ብሎም ነበር፤ ሩሲያኛ ለመማር ሞክሯል። ደግነቱ አልሆነለትም።

በ1953 ኪዮቶ ደረሰ፤ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ። 31 ዓመቱ ነው። ከ49 ሳንቲሙ መጽሐፍ 13 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኪዮቶ ከቦምብ የተረፈች አሮጌ ዋና ከተማ ናት፤ ቤተ መቅደሱ፣ ጠባቡ መንገድ፣ የእንጨቱ ቤት በቦታው አለ። ዩኒቨርሲቲው ግን ሌላ ትምህርት አስተማረው። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቶ ከሌሎቹ ጋር ይጠብቃል፤ መምህሩ አልመጡም። በሌላም ሳምንት አልመጡም። የጃፓን ተማሪዎች እንደ ልማድ አዩት። የኪን እውነተኛው ዩኒቨርሲቲ ቤት ሆነ።

ቤቱ በከተማዋ ምሥራቅ፣ ኢማኩማኖ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቤተ ሰብ ግቢ ውስጥ ያለ አሮጌ የእንጨት ጎጆ ነው። ወለሉ ታታሚ የሚባል የሣር ምንጣፍ፣ በብርድ ጊዜ የሚያሞቀው የከሰል ምድጃ። ባዶ እግር ነው የሚገባው፤ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ምግቡን የቤቱ እመቤት ናቸው የሚያቀርቡለት። በአቅራቢያው ካለው የቺሻኩ ኢን ቤተ መቅደስ ሄዶ በብሩሽና በቀለም መጻፍ ይማራል። በጦር ትምህርት ቤት የማራኪን ጃፓንኛ ተምሯል፤ በዩኒቨርሲቲ የሺህ ዓመቱን ጃፓንኛ። ሰው ለሰው ደህና ዋልክ የሚባባልበትን ግን እዚህ ነው ያጠራቀመው።

አንድ ቀን በግቢው ሌላ ተከራይ መጣ። ሚቺዮ ናጋይ ይባላል፤ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ወጣት መምህር ነው። ኪን ተበሳጨ። ይህ ሰው እንግሊዝኛውን ሊለማመድብኝ ነው ብሎ ሸሸው። አንድ ማታ ግን እመቤቲቱ እንግዳ በዝቶባቸው ሁለቱን በአንድ ማዕድ ቢያስቀምጧቸው ያ ማዕድ እስከ ዕድሜ ልክ ሳይነሣ ቀረ። ኪንን ከአሳታሚዎች፣ በእነሱም በኩል ከደራስያን ጋር ያገናኘው ናጋይ ነው። በ1974 የጃፓን የትምህርት ሚኒስትር ሆነ።

አሁን የሚጣፍጠው ክፍል መጣ። ኪን ኪዮገን ልማር አለ። ኪዮገን ከ600 ዓመት በላይ የኖረ አጭር አስቂኝ ተውኔት ነው፤ በከባዱ የኖ ተውኔት መካከል ይገባና ሰውን ያስቃል። መምህሩ ሴንኖጆ ሺጌያማ፣ ከትውልድ ትውልድ ኪዮገን የሚጫወት የኪዮቶ ቤተ ሰብ ልጅ ነው። መማሪያ መጽሐፍ የለም። መምህሩ አንድ ሐረግ ይላል፤ ተማሪው በዚያው ድምፅ፣ በዚያው አወጣጥ ይደግማል፤ ካልሆነ እንደገና። የቆሎ ተማሪ ከየኔታው ዜማ እንደሚቀበለው ማለት ነው፤ ቃሉን ከነዜማው በቃል ትወርሳለህ እንጂ ለምን ብለህ አትጠይቅም። ለምን ባዩ የኮሎምቢያ ልጅ ኪን ይህን ወደደው። በሕይወቴ ከተማርኩት ሁሉ እንደ ኪዮገን ያስደሰተኝ የለም የሚል ዓይነት ነገር ደጋግሞ ተናግሯል።

በመስከረም 1956 ቶኪዮ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣ። ተውኔቱ «ቺዶሪ» ነው፤ ኪን ታሮ ካጃ የሚባለውን አገልጋይ ሆኖ ይጫወታል። ጌታው ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ በዱቤ አምጣ ብሎ ይልከዋል። ባለ ሱቁ ግን የድሮውን ዕዳ ሳትከፍሉ አንድ ጠብታ አልሰጥም ይላል። ታሮ ካጃ ምን ያድርግ? ወሬ ያመጣል። ስለ አንድ በዓል ያወራለታል፤ ስለ ወፍ አጠማመድ ያሳየዋል፤ ባለ ሱቁ ተመስጦ ሲያየው እጁን ወደ በርሜሉ ይሰዳል፤ ይያዛል፤ እንደገና ይጀምራል፤ በመጨረሻ ፈረስ ግልቢያ ላሳይህ ብሎ እየጋለበ በርሜሉን ይዞ እብስ። አዳራሹ ውስጥ እነማን ነበሩ? ጁኒቺሮ ታኒዛኪ፣ ዩኪዮ ሚሺማ፣ በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ያሱናሪ ካዋባታ። እኔ ብሆን ፊደል ቆጥሬ በተማርኩት ቋንቋ በእነዚህ ፊት አፌን አልከፍትም ነበር። ኪን ግን በርሜሉን ይዞ ሮጠ።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ኮሎምቢያ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ፤ ከ50 ዓመት በላይ አስተማረ። በ1955 ያወጣው የጃፓን ሥነ ጽሑፍ መድበል በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የተማሪዎች መነሻ ሆነ። ስለ ንጉሠ ነገሥት ሜጂም ትልቅ የሕይወት ታሪክ ጽፏል። ሜጂ ለእኛም ባዕድ አይደሉም፤ የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችን በ1889 ከወጣው ከእሳቸው ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዳ ነው። በዚያው በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል።

እንግዲህ አርጅቷልና ከዚህ በኋላ አንቱ ልበለው። በመጋቢት 2011 በጃፓን ሰሜን ምሥራቅ የምድር መንቀጥቀጡና ሱናሚው ደረሰ፤ በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያውን ከባድ አደጋ ገጠመው። የውጭ አገር ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ከጃፓን ሲወጡ፣ ፕሮፌሰር ኪን ጠቅልለው ለመግባት መወሰናቸውን ተናገሩ። በመጋቢት 2012፣ በ89 ዓመታቸው፣ የጃፓን ዜግነት ተሰጣቸው። በየካቲት 2019 ቶኪዮ ውስጥ በ96 ዓመታቸው ዐረፉ።

ደብተሮቹስ? ደብተሮቹ ያሉበት አልታወቀም። ኪን ግን የጃፓኖችን የዕለት ማስታወሻ ማንበብ አልተዉም። በ1980ዎቹ ስለ ጃፓን የዕለት ማስታወሻዎች በአሳሂ ጋዜጣ በተከታታይ ጻፉ፤ ከሺህ ዓመት በፊት ከጻፉት መኳንንትና ወይዛዝርት ጀምረው አንድ በአንድ እያነሡ። በ2010 የደራስያንን የጦርነት ዘመን ማስታወሻዎች በመጽሐፍ አወጡ። ዘጠና ካለፋቸው በኋላ ደግሞ በ1912 በ26 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተውን የገጣሚ ታኩቦኩ ኢሺካዋን የሕይወት ታሪክ ጻፉ። ታኩቦኩ በ1909 ሚስቱ እንዳታነብበት ብሎ ማስታወሻውን በላቲን ፊደል የጻፈ ጉደኛ ነው፤ የሠራውን ኃጢአት ሁሉ ሳይሸፍን። ሲሞት ማስታወሻዎቹ እንዲቃጠሉ ፈልጎ ነበር። ሚስቱ ሴትሱኮ አላቃጠለችም፤ ለሰው አስረክባ እሷም በዓመቱ ሞተች። እንዳይነበብበት በላቲን ፊደል የተደበቀውን ነገር በላቲን ፊደል ያደገ የብሩክሊን ልጅ አንብቦ ለዓለም ነገረበት።